ወደ ገለጉ የጫንነው ቅዝቃዜ

ባለፈው ሰኞ ልጄ መኪናዋን አዘዞ መንገድ ዳር ወዳለ አንድ ጋራዥ ስትወስድ፣ «አባዬ፣ ብቻህን ከምትቆዝም አብረኸኝ ና» ብላ ይዛኝ ሄደች። ኤርኮንዲሽነሩ፣ እነሱ ኤሲ ነው የሚሉት፣ ነፋስ እንጂ ቅዝቃዜ አልሰጥ ብሏታል። ባለሙያው ሁለት ቱቦ ሰካ፣ አንድ ቁልፍ ተጫነና ስልኩን ማየት ጀመረ። ቁም ሣጥን የሚያክለው ማሽን ራሱ አሮጌውን ጋዝ ስቦ፣ ራሱ አየሩን አውጥቶ፣ ራሱ መዝኖ ሞላው። እኔ በዘመኔ አንድ ሙሉ ቀን የምጨነቅበትን ሥራ እሱ አንድ ሻይ እስኪጠጣ ጨረሰው። በመጨረሻ ሞተሩ ተነሥቶ ከዳሽቦርዱ የመጀመሪያው ቀዝቃዛ አየር ሲወጣ ያ ሽታ መጣ፤ የአቧራና የእርጥብ ጨርቅ፣ ዝናብ ሊጥል ሲል መሬት የሚሸተው ዓይነት። ልጄ ፊቴን አይታ «አመመህ እንዴ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ» አልኋትና ከነፋሱ ፊቴን አዞርሁ። ሌላው ሰው በዚያ ሽታ ደስ ይለዋል። እኔን ግን ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ፣ ቀዝቃዛ አየር ፊቴን ሲነካኝ ቀድሞ የሚመጣብኝ ፍርሃት ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ዓመቱን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ። የማስታውሰው፣ እግሩ ሰፊ የሆነው ሱሪ ጎንደር ላይ ሊቀር ሲል እኛ ቆላ ገና መግባቱ እንደነበር ነው። ከኮኪት ከተማ ወጣ ብሎ በነበረ የመንግሥት እርሻ የማቀዝቀዣ ጥገና ሠራተኛ ሆኜ ተመድቤ ነበር፤ ዕድሜዬ ሃያ ስድስት። የእርሻው ፍሪጆች፣ የሥጋ ማቀዝቀዣው፣ የሹማምንት መኪኖች ኤርኮንዲሽነር በእኔ እጅ ናቸው። ቆላውን መጀመሪያ ጠልቼው ነበር፤ ኋላ ግን ለመድሁት፣ እንዲያውም ወደድሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ በእርሻው ካሚዮን ተሳፍረን መተማ ዮሐንስ እንወርዳለን። ከጉምሩኩ ወዲህ፣ ራኩባ ከሚሏት ከጭራሮ የተሠራች ጥላ ሥር፣ በበረዶ የቀዘቀዘ ከርከዴ፣ የአበባ መጠጥ፣ በአሥራ አምስት ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ ቀይ፣ ኮምጣጣ፣ ጥርስ የሚያደነዝዝ። ከድልድዩ ማዶ ከገላባት በኩል የሱዳን ዘፈን በነፋስ ይመጣል፤ ቋንቋውን ሳናውቀው ዜማውን እናፏጨዋለን። ነጭ ጀላቢያ የለበሱ ነጋዴዎች፣ ሽቷቸው ከራሳቸው ቀድሞ የሚደርስ፣ በአጠገባችን ያልፋሉ። እኔ የካኪ ሱሪዬን በትኩስ ፍም ካውያ ተኩሼ፣ ኮንጎ ጫማዬን በሳሙና አጥቤ፣ ራሴን ከማንም አላሳንስም። ዛሬ እዚያ የባጃጅ ጥሩምባ ነው አሉ የሚሰማው። ሄጄ አላየሁትም።

እንዲህ ስል ግን ዘመኑ የጨዋታ ብቻ ይመስላል። አልነበረም። እኔ ከመምጣቴ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የጄኔሬተሩ ሠራተኛ የነበረ ሰው በስብሰባ ቀን መብራት ስለጠፋበት ምክንያቱን እንዲጽፍ ታዘዘ። ጻፈ። ለማብራሪያ ትፈለጋለህ ተብሎ በመኪና ተወሰደ። እኔ ስደርስ የሰጡኝ አልጋ ከእሱ አልጋ አጠገብ ነበር፤ ብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ እንደተቀመጠ ነው። ማንም አያነሣውም፣ ማንም ስለ እሱ አይጠይቅም። «አሻጥር» የሚባል ቃል ነበር ያኔ። ብሎን ቢጠፋ፣ ጎማ ቢፈነዳ፣ ያ ቃል ከአንድ ሰው አፍ ሊወጣ ይችላል። ከወጣ በኋላ የሚመልሰው የለም።

ነገሩ የሆነው በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነው። ከየደጋው የመጡ ሳሉጎች፣ የቀን ሠራተኞቹን እንዲህ ነበር የምንላቸው፣ ማሳውን ሞልተውታል። የታጨደው ሰሊጥ በነዶ ታስሮ ይቆምና ሂላ ይሆናል፤ ጥላ ያለው ቦታ ስለሆነም እባብ ይገባበታል። የእርሻው ክሊኒክ ነርስ ሲስተር ብርሃኔ፣ የደብረ ታቦር ሴት፣ ሃምሳ የተጠጉ፣ ቁጣቸውም ደግነታቸውም የታወቀ፣ ለእባብ መርዝ የሚሰጥ አምስት ጠርሙስ መድኃኒት ነበራቸው። መድኃኒቱ ካልቀዘቀዘ ይበላሻል። የክሊኒኩ ፍሪጅ ደግሞ ጋዙ ፈሶ ቆሟል። እኔ የተሰነጠቀውን ቧንቧ በይጄ፣ አየሩን ስቤ አውጥቼ፣ ለጋዝ ብቻ ስጠብቅ ከጎንደር አንድ ትንሽ የፍሬዮን ሲሊንደር ተላከልኝ። እሱም እዚያው ተጠቅመውበት የተረፈ ነበር። በደረሰ ማግስት፣ በምሳ ሰዓት፣ ጓድ ኃላፊው መጣ።

የእርሻዎቹ ሁሉ የበላይ ነው። ቀጭን፣ ጥቁር መነጽሩን ጥላ ውስጥ እንኳ የማያወልቅ፣ አንገቱን በመሐረብ ደጋግሞ የሚጠርግ ሰው። ነጭ መኪናው ያረጀች ነበረች፤ ቢሆንም በአካባቢው ኤርኮንዲሽነር ካላቸው ጥቂት መኪኖች አንዷ ናት። መስኮቶቿ ሁሉ ተከፍተው፣ ወንበሮቿ በላብ ርሰው ነበር የደረሰችው። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ አስጠራኝ። ጓድ ኃላፊው ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ከጎንደር ስንነሣ ይቀዘቅዝ ነበር» አለኝ። «ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት እነሣለሁ። ካልቀዘቀዘ ምክንያቱን በጽሑፍ አዘጋጅተህ ጠብቀኝ።»

እሱ ወደ ውስጥ ሲገባ ሥራ አስኪያጁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ያለውን ጋዝ ሁሉ ለመኪናዋ።»

«የክሊኒኩስ?»

«ክሊኒኩ ይጠብቃል። ፍሪጁ እንደቆመና መድኃኒቱ እንደማይሆን ለጓድ ሪፖርት አድርጌያለሁ። ሌላ ጋዝ ይልካሉ።» መቼ እንደሚልኩ እሱም አያውቅም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ኮፈኑን ከፈትሁ። ከራዲያተሩ ፊት ያለው የኤርኮንዲሽነሩ ማቀዝቀዣ መረብ የሰሊጥ ገለባና የአንበጣ ክንፍ ጠቅጥቆት ትንፋሽ አጥቷል። በቀስታ አጠብሁት። ቀጥዬ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ ዳሰስሁ፤ ጋዝ ሲያፈስ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ አቧራው እዚያ ላይ ይረጥባል። ከኮምፕሬሰሩ በሚወጣው ቱቦ መጋጠሚያ ላይ አገኘሁት። ፈትቼ ሳየው የጎማ ቀለበቷ እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቃለች። ከወደቀ ትራክተር ሃይድሮሊክ ውስጥ ልኳ የሆነች ቀለበት ፈልጌ፣ በዘይት አርሼ ገጠምኋት። ከአሮጌ ፍሪጅ ኮምፕሬሰር በሠራኋት የአየር መሳቢያ ውስጡ ያለውን አየር አንድ ሰዓት ሙሉ ሳብሁ። ከዚያ ዘግቼ፣ የግፊት መለኪያው ቀስት ይንቀሳቀስ እንደሆነ ቁጭ ብዬ መጠበቅ ነው። ቀስቱ ከተነሣ ሌላ ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። አልተነሣም። ትንፋሼን ያን ጊዜ ለቀቅሁ።

የቀረው ጋዝ ስንት እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። የሰሊጥ ሚዛኑ ለኩንታል እንጂ ለግራም አይሆንም። ሲሊንደሩን ታቅፌ ክሊኒክ ሄድሁና ሲስተር ብርሃኔ ሕፃናት በሚመዝኑበት ሚዛን ላይ አስተኛሁት። የባዶው ክብደት አንገቱ ላይ ተቀርጿል፤ እሱን ቀንሼ አሰላሁ።

«ስንት ነው?» አሉኝ ሲስተር።

«ስምንት መቶ ሃምሳ ግራም።»

«ለእኔ ፍሪጅ ስንት ይበቃዋል?»

«ሁለት መቶ።»

«ለሰውዬው መኪናስ?»

«ከአንድ ኪሎ በላይ ትፈልጋለች። ሁሉንም ብሰጣትም አትጠግብም፣ ሲስተር።»

ጥግ ላይ የነበረውን ትልቅ እንስራ ከፈቱልኝ። እርጥብ አሸዋ ሞልተውበት አምስቱን ጠርሙሶች አንገታቸው ድረስ ቀብረዋቸዋል። ቀን ከሌት ውሃ ያርከፈክፉበት ነበር። «እነዚህ ከነገ ወዲያ አያድሩም» አሉ። «ትናንት ሂላ ሲያቆሙ ሁለት እፉኝት ገድለዋል።»

«የተነከሰ አለ?»

«እስካሁን የለም። አንተ ልጅ፣ እኔ አድርግ አልልህም። ቤተሰብ አለህ።»

ያን ያህል ባይሉኝ ኖሮ ምናልባት ሲሊንደሩን ይዤ እወጣ ነበር። በልቤ አሰላሁት። መኪናዋ ነገ ወደ ጎንደር ነው የምትመለሰው። የነጋዴ ባሕርን ዳገት ከወጣች በኋላ የደጋው አየር ይቀበላታል፤ ማን ኤርኮንዲሽነር ይፈልጋል? እስከዚያ ድረስ በጠዋቱ ቅዝቃዜ፣ በስድስት መቶ ሃምሳ ግራም ትደርሳለች። ቱቦውን ከፍሪጁ ጋር አገጣጠምሁና ሲሊንደሩን ከፈትሁ። የሚዛኑ መርፌ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ።

የጓድ ኃላፊው ሾፌር ጋሽ አለሙ ነበሩ። ግንባራቸውን ይዘዋል። «ራሴን ፈለጠኝ፤ አስፕሪን ቢኖር ብዬ ነው» አሉ። ዓይናቸው ግን ከሲሊንደሩ ወደ ፍሪጁ የሚሄደው ቱቦ ላይ ቀርቷል። ሲስተር ክኒኑን ሰጧቸው። ያለ ውሃ ዋጡት።

«ያ ጋዝ ለእኛ መኪና መስሎኝ ነበር» አሉኝ።

«ነው፣ ጋሼ» አልሁ። ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ።

«ገባኝ» ብለው ወጡ።

ያቺ «ገባኝ» ምን እንደሆነች እስኪነጋ ሳገላብጣት አደርሁ። የቀረውን ጋዝ መኪናዋ ውስጥ ስጨምር ጋዙን በምታሳየው ትንሽ መስታወት ውስጥ አረፋው ይሮጥ ነበር። አረፋ ካለ ጋዙ አልሞላም ማለት ነው። ቢሆንም ነፋሱ ቀዘቀዘ፤ ሲመሽም አየሩ ስለሚረዳው ጥሩ መሰለ።

ጠዋት ጓድ ኃላፊው ፊት ለፊት ተቀመጠ፣ እጁን ነፋሱ ላይ አደረገ፣ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ልቤ ልትመለስ ስትል፣ «አለሙ፣ ጎንደር ከነገ ወዲያ ነው። ዛሬ ወደ ገለጉ» አለ። ወደ እኔም ዞረና፣ «አንተም መሣሪያህን ይዘህ ግባ። መንገድ ላይ ቢቆም እዚያው ትሠራዋለህ።»

ገለጉ ማለት ሙሉ ቀን ቆላ ለቆላ ነው፤ መንገዱም መንገድ አይባልም። ኋላ ወንበር ላይ፣ የመፍቻ ሣጥኔን በጉልበቴ መካከል ይዤ፣ ጆሮዬ ኮምፕሬሰሩ ላይ ተተክሎ ሄድሁ። አንድ ሰዓት ያህል ደህና ነበር። ፀሐይዋ ከፍ ስትል፣ መኪናዋም በጉድጓዱ ምክንያት እንደ ኤሊ ስትሄድ፣ ነፋሱ መለስለስ ጀመረ። የጓድ ኃላፊው መሐረብ ከኪሱ ወጣ። እኔ የዚያን ሰው ማጅራት እንጂ ውጭውን አላየሁም። አንዲት የላብ ጠብታ ከጆሮው ሥር ተነሥታ ኮሌታው ውስጥ ስትገባ፣ ያቺ ጠብታ የእኔ ፍርድ መሰለችኝ።

«ቀነሰ?» አለ ሳይዞር።

ጋሽ አለሙ ቀደሙኝ። «ጓድ፣ ሞተሩ ሞቆብኛል። በዚህ አካሄድ ኤርኮንዲሽነሩን ጥቂት ማሳረፍ ግድ ነው። ጥፋቱ የመንገዱ ነው።» አጠፉትና መስኮት ከፈቱ። በመስታወቱ ውስጥ ዓይናችን ተገናኘ፤ ወዲያው ወደ መንገዱ መለሱት። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም እንዲሁ አደረጉ። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ግን፣ ከኋላ አንገቴን አስግጌ ሳየው፣ ምንም አልነበረበትም።

ሽንፋ ወንዝ ሳንደርስ አራት ሰዎች ከማሳ ወጥተው መንገዱ መካከል ቆሙ። ሁለት እንጨትና አንድ ጋቢ አድርገው በሠሩት ቃሬዛ ላይ አምስተኛውን ተሸክመዋል። ጋሽ አለሙ ፍሬን ያዙ። የተኛው የሠላሳ ዓመት ያህል ሰው ነበር። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ አብጦ ቆዳው ያብረቀርቃል፤ ከድዱ ደም ይወጣል።

«ነዶ ሲያነሣ እፉኝት ነከሰው» አለ አንዱ። «አንድ ሰዓት አልፎታል። በእግዚአብሔር ይዣችኋለሁ!»

ጓድ ኃላፊው ወረደ። «ጫኑት። ወደ ገለጉ እንወስደዋለን።»

«ገለጉ ገና ሦስት ሰዓት ይቀረናል፣ ጓድ» አሉ ጋሽ አለሙ። «እዚያ የእባብ መድኃኒት ይኑር አይኑር አናውቅም። ኮኪት ይቀርበናል።»

«ኮኪት ምን አለ? ፍሪጁ ቆሟል፣ መድኃኒቱ አይሆንም ተብሎ ትናንት ሪፖርት ቀርቦልኛል።»

ጋሽ አለሙ አፋቸውን ሊከፍቱ እንደፈለጉ አየሁ፤ ሳይከፍቱም ወደ እኔ ተመለከቱ። ነገሩ የእኔ ነበር። የዚያ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ምስል ፊቴ ላይ ድቅን አለ፤ እናቴም፣ ታናናሾቼም መጡብኝ። ዝም ብል እኮ ማንም አያውቅም ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ ለጥቂት ጊዜ፣ ምናልባት አሥር እስትንፋስ ለሚያህል ጊዜ፣ ዝም ብያለሁ። የተኛው ሰው አቃሰተ።

«ጓድ» አልሁ፣ «መድኃኒቱ ደህና ነው። ፍሪጁ ይሠራል።»

«በምን ጋዝ?»

«በዚህች መኪና ጋዝ።»

መነጽሩን አወለቀ። ዓይኖቹ ትናንሽ፣ በእንቅልፍ እጦት የቀሉ፣ የማንም ተራ ሰው ዓይኖች ነበሩ። ከዚያ ለሾፌሩ፣ «አዙር» አለ።

በሽተኛውን ኋላ ወንበር ላይ አስተኛነው፤ ራሱን ጭኔ ላይ ያዝሁለት። ጓደኞቹ ቦታ ስላልነበረ እዚያው ቀሩ። ጥቂት እንደሄድን ጋሽ አለሙ፣ «ጓድ፣ እኔም አውቅ ነበር» አሉ።

«አልጠየቅሁህም» አለ ጓድ ኃላፊው።

ከዚያ በኋላ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እስትንፋስ አለው?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቀኝ ነበር። «አለው» እላለሁ፣ ጣቴን ከአፍንጫው ሥር አድርጌ። ሰውዬው በላብ ተጠምቆ ይቃዣል። ጋሽ አለሙ አሁን ስለ ሞተር ሙቀት ምንም ሳያነሡ ኤርኮንዲሽነሩን ከፈቱ፤ መኪናዋን በጉድጓዱም በድንጋዩም እየነዱ አበረሯት። ስትፈጥን ነፋሱ መልሶ ቀዘቀዘ። ጓድ ኃላፊው የራሱን መስኮት ዘጋ፣ እጁን ዘርግቶ የዳሽቦርዱን መከለያዎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ አዞራቸው። ቅዝቃዜው ሁሉ በወንበሮቹ መካከል አልፎ ወደ እኛ መጣ። እሱ እዚያው ተቀምጦ ላቡ ሸሚዙን ሲያረጥበው አየሁ።

ሲስተር ብርሃኔ ከአምስቱ ጠርሙስ አራቱን ሰጡት። ማታ ላይ የድዱ ደም ቆመ። ጓድ ኃላፊው ክሊኒኩ በር ላይ እስኪመሽ ቆሞ ነበር፤ የገለጉን ጉዞ ትቶ በማግስቱ ወደ ጎንደር ሲነሣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ምክንያቱን ጽፈህ በፖስታ ላክ» አለኝና ሄደ። ጻፍሁ። አንዲት ገጽ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እጄ ላይ ያለው መፍቻ ይወድቅ ነበር። ልብሴን በሻንጣ አዘጋጅቼ አስቀመጥሁ። ብርድ ልብሴን ግን ጠዋት ጠዋት አልጠቀልለውም፤ ተበትኖ እንዲገኝ ፈለግሁ፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። በሃያኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ «ያለ ፈቃድ የመንግሥት ንብረት ከታዘዘበት ሥራ ውጭ በማዋል።» ሌላ ምንም የለውም። ወረቀቱን ሳምሁት። ማስጠንቀቂያ ተቀብሎ የሚስም ሰው በየትኛው ዘመን ታይቷል? ሲስተር ሳቁብኝ፤ ስቀው ሲጨርሱም ተቀምጠው አለቀሱ።

የተነከሰው ሰው ሞላ ይባላል፤ የጎጃም ሰው ነው፣ ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ከቢቡኝ። ከወር በላይ ክሊኒክ ቆየ። ሁለት ጣቶቹ እንደታጠፉ ቀሩ። ወደ አገሩ የሚሄድ ካሚዮን በተገኘ ቀን ወደ ወርክሾፑ መጥቶ ከበሩ ቆመ። ስለ ጋዙ፣ ስለ ፍሪጁ፣ ስለ ደብዳቤው ማንም አልነገረውም። የሚያውቀው መኪናዋ ውስጥ ራሱን የያዝሁለት እኔ መሆኔን ብቻ ነው። በግራ እጁ ጨበጠኝ፤ ለረጅም ጊዜም አልለቀቀኝም።

«ጌታው» አለኝ፣ «ያን ዕለት መሞቴን አውቄው ነበር። ሰውነቴ ይነዳል፣ ዓይኔ አያይ። ኋላ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ብርድ ነካኝ። ቤቴ የደረስሁ መሰለኝ። እናቴ በሩን ሳትዘጋው የተኛች መሰለኝ። ‹እማ፣ በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ› ልላት ፈለግሁ፤ አፌ እንቢ አለኝ። እንዲያው በልቤ፣ የሚበርደው ሰውማ አልሞተም አልሁ።»

ካሚዮኑ ጥሩምባውን ነፋ። ሞላ እጄን ለቀቀና እየሮጠ ሄደ።